ኮዱን ቢልድ አደረግኩት እንጂ አላነበብኩትም

አንዲት የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ "ጋሼ፣ ኩበርኔቲስን ከሶርስ ኮድ ቢልድ አድርጎ መጫን ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?" ብላ ጻፈችልኝ። ኩበርኔቲስ ብዙ ሰርቨሮችን አስተባብሮ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው፣ ከሶርስ ቢልድ ማድረግ ማለት ደግሞ ሰው የጻፈውን ኮድ ራስህ ወደሚሰራ ፕሮግራም መቀየር ነው። በሁለት መስመር ልመልስላት ብዬ ጀመርኩና ተውኩት፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የ2012ቱን ነገር ሳልናገር ብመክራት ውሸት ይሆንብኛል።

ታህሳስ 2012 እዚሁ ድሬ አንድ መስሪያ ቤት ሶስት ሰርቨር ላይ ክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ የሚሰሩ ሰርቨሮች ስብስብ፣ እንድተክል ታዘዝኩ። የተዘጋጀውን ፓኬጅ አውርዶ መጫን ይቻል ነበር፣ እኔ ግን ከሶርስ ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ። ኮዱን ከጂትሀብ፣ ኮድ ከሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ለማውረድ ብቻ ኢንተርኔቱ እየተቋረጠ አደርኩ። ከዛ ሜክ በሚባለው የቢልድ ትዕዛዝ ሁሉንም ባንዴ ሳስጀምረው 4 ጂቢ ራም ያላት ላፕቶፔ አልቻለችም፣ ቢልዱ መሀል ላይ ተቋረጠ። ክላስተሩን የሚተክለውን ኩብአድምን፣ በየሰርቨሩ ላይ የሚሰራውን ኩብሌትን፣ ትዕዛዝ የሚሰጥበትን ኩብሲቲኤልን እያንዳንዱን ለብቻ ቢልድ ማድረግ እንደሚቻል የገባኝ በሶስተኛው ቀን ነው። ኩብሌት ደግሞ ስዋፕ (ራም ሲያንስ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም) ካልጠፋ አልነሳም አለኝ፣ እሱን እስካውቅ ሌላ አንድ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ሶስቱም ሰርቨሮች ሬዲ፣ ማለትም ዝግጁ፣ ሲሉ ከዚራ ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ደስታው ባጃጅ ውስጥ አላስቀምጥ ብሎኝ።

ከስድስት ወር በኋላ አዲስ አበባ ስራ አገኘሁና ሄድኩ። ለተካኝ ልጅ ያስረከብኩት ፓስወርድና አንድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ "የራሴ ቢልድ ስለሆነ ቨርዥኑን እንዳትነካው" አልኩት።

በኩብአድም የተተከለ ክላስተር አብዛኞቹ ሰርተፊኬቶቹ፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁባቸው መታወቂያዎች፣ የሚያገለግሉት አንድ ዓመት ነው፣ ቨርዥኑን ስታሻሽሉት አብሮ ያድሳቸዋል። እኛ ጋ ማን ያሻሽለዋል፣ እኔ እንዳይነካ ብዬ ሄጄ። ዓመት ሲሞላው ጊዜው አለፈ፣ ግን የተነሱት ኮንቴይነሮች፣ ፕሮግራሞቹ የሚሰሩባቸው ጥቅሎች፣ መስራታቸውን ስለሚቀጥሉ ማንም ልብ አላለም። ከቀናት በኋላ መብራት ጠፋ፣ ሰርቨሮቹ ጠፍተው ተነሱ፣ ሰርተፊኬቶቹ ጊዜያቸው ስላለፈ ከዛ በኋላ አንድም ነገር አልተመለሰም። ልጁ ደወለልኝ። ስብሰባ ላይ ነኝ ማታ እደውላለሁ አልኩት። አልደወልኩም። ሁለት ቀን ስራ ቆመ፣ ጥፋቱ በሱ ላይ ተጻፈ፣ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። እኔ ደግሞ "የተከልኩት እኔ ነኝ፣ እንዳይነካው ያልኩትም እኔ ነኝ" ብዬ ለአለቃው አንዲት ኢሜይል መጻፍ ስችል ዝም አልኩ።

በኋላ ኮዱን ከፍቼ ፈለግኩት። ኩብአድም ውስጥ ኮንስታንትስ የሚባል ፋይል አለ፣ እዛ ውስጥ የሰርተፊኬቱ እድሜ 24 ሰዓት ሲባዛ በ365 ተብሎ በግልጽ ተጽፏል፣ አንድ መስመር ናት። ያቺን መስመር በገዛ እጄ ኮምፓይል አድርጌያታለሁኮ።

አባቴ ባቡር ዎርክሾፕ ነበር የሚሰራው፣ እኛ ሽሜንደፈር እያልን ነው ያደግነው። ሞተር ሲፈቱ እያንዳንዱን ብሎን በአፈታቱ ተራ ጨርቅ ላይ ይደረድሩ ነበር፣ የማታው ፈረቃ ሰው መጥቶ ሳይጠይቅ እንዲገጥመው። ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፣ ለምን ትዝ እንዳላለኝ አላውቅም።

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፣ እኛ በሳምንት ያልቻልነውን በአንድ ከሰአት ትተክላላችሁ፣ ግን ኮማንዱን ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉ ምን እንደሚሰራ የምትጠይቁት ስትቸገሩ ብቻ ነው፣ ይሄ ያናድደኛል። የሰው ስራ የሚሸከም ሰርቨር ላይ ከሶርስ አትጫኑ፣ የተዘጋጀውን ፓኬጅ ተጠቀሙ፣ በየጊዜው አሻሽሉት። እንዲህ እያልኩ ግን ነገ አንድ ሰርቨር ቢሰጠኝ ከሶርስ የምጭነው ይመስለኛል፣ ሌላ መንገድ እንደዛ አላስተማረኝማ።

ልጁን ባለፈው ሳምንት ፈልጌ ደወልኩለት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ "ያኔ ማታ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ነው የተኛሁት" አለኝ። ይቅርታ ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አንቺ ልጅ፣ በራስሽ ላፕቶፕ ቢልድ አድርጊው። ዚፑን አታውርጂ፣ በጂት ከነታሪኩ አውርጂው፣ አለዚያ ቨርዥኑን በትክክል ላያውቀው ይችላል። መጀመሪያ ኩብአድምን ብቻ ሞክሪ፣ ቀለል ይላል። ሜክ ከማለትሽ በፊት ግን ያንን የኮንስታንትስ ፋይል ክፈቺው። ከፈለግሽ ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ከዚራ ነይ፣ አብረን እናነበዋለን።