«ደህና ነኝ» ቢልም ዛሬውኑ ሐኪም ይየው

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ የጠያቂው ባልደረባ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የማሽኑን ብረት ሲነካ ኮረንቲ ያዘው። እጁ ለጥቂት ሰከንድ አልላቀቅ ብሎ፣ ሌላ ሰው ብሬከሩን ሲያወርድ ነው የለቀቀው። አሁን መዳፉ ላይ ካለች ትንሽ ነጭ ነጥብ በቀር ደህና ነኝ ይላል። አለቃው «ትንሽ አረፍ በልና ቀጥል» ብሎታል፤ ማሽኑም እየሠራ ነው። ሐኪም ቤት መሄድ አለበት ወይ?

አዎ፣ ዛሬውኑ ይሂድ። ማሽኑም አሁኑኑ ይቁም። ብዙ ዓመት በፋብሪካ ጥገና ክፍል ስለሠራሁ እንዲህ ያለ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁሌም የሚያታልለው ሰውየው በእግሩ ቆሞ መሄዱ ነው።

ከጻፍከው ሁሉ ያስደነገጠኝ «እጁ አልላቀቅ አለ» ያልከው ነው። በእጅ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ወደ 10 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ጡንቻ ከሰውየው ትእዛዝ ይወጣል። ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከሚዘረጉት ስለሚበረቱ፣ የያዘውን ይበልጥ እየጨበጠ ይሄዳል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ትንፋሽ ያግዳል፤ ልብን አቋርጦ ካለፈ ደግሞ ምቱን ሊያዛባው ይችላል። ከእጅ ገብቶ በእግር የወጣ ኮረንቲ ደረትን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ባልደረባህ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ያስፈልገዋል። ራሱን ካልሳተና ኢሲጂው ጤናማ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቶሎ ነው የሚያሰናብቱት፣ አትጨነቁ።

ነጯን ነጥብ አትናቋት። ኮረንቲ የገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ደረቅ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ሲነኩት የማያም። የማያመው ነርቩም አብሮ ስለተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ጫማውን አውልቆ የእግሩን መርገጫም ይይ፤ የወጣበት ቁስል እዚያ ሊኖር ይችላል። ለሐኪሙ ስንት ቮልት እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደያዘው፣ ወድቆ ወይም ራሱን ስቶ እንደሆነ ንገሩት። ትከሻውን ካመመውም ይናገር፤ ጡንቻው በኃይል ሲኮማተር ትከሻ ሊወልቅ ይችላል። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊቱን እያስቸገረ ነውና ሳይውል ሳያድር ይመለስ።

አሁን ወደ ማሽኑ። «ብሬከር አለው፣ ለምን አልወረደም?» የሚል አይጠፋም። ብሬከር የተሠራው ኬብል እንዳይቃጠል ነው። 16 አምፔር ማለት 16,000 ሚሊ አምፔር ነው። 220 ቮልት በሰው ሰውነት ውስጥ ሲያልፍ ወደ 200 ሚሊ አምፔር ቢፈስ ብሬከሩ ምንም አይመስለው፣ ሰውየው ግን ሊሞት ይችላል። ሰው የሚያድነው ኮረንቲ ወደ መሬት ሲፈስ የሚያጠፋው፣ 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት መቁረጫ ነው፤ ፊቱ ላይ የሚጫኑት መሞከሪያ ቁልፍ አለው። ተጭናችሁት ካልወረደ እንደሌለ ቁጠሩት።

እኔ ባየሁት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ኬብሉ ወደ ማሽኑ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ጎማው ተነቅሎ ወድቆ ኬብሉ በማሽኑ ንዝረት ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ይከርማል። ልባሱ ይላላጣል፣ መዳቡ ብረቱን ይነካል። ሁለተኛው ኧርዙ፣ ማለትም ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው፤ አንዱ ሶኬቱን ሲቀይር አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ «ማሽኑ ያለሱም ይሠራል» ብሎ ቆርጦ ይተወዋል። እውነት ነው ይሠራል፣ ኬብሉ እስኪላጥ ድረስ። ሁለቱ ጥፋቶች ሲገጥሙ ነው የማሽኑ አካል በሙሉ ኮረንቲ የሚሆነው። ሠራተኞቹን ጠይቃቸው፤ «አልፎ አልፎ ይነዝረን ነበር» የሚል አታጣም።

ቴክኒሺያኑ በቴስተር ካቻቪቴ ብቻ ነካ አድርጎ «የለም» ካለ አትመኑት። መልቲሜትሩን መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ይሞክር፣ ከዚያ ማሽኑን ይለካ፣ ተመልሶም የመጀመሪያውን ቦታ ይለካ። ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ዕቃ) ያለው ማሽን ከጠፋ በኋላም ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ካፓሲተሩ ውስጥ ኮረንቲ ስለሚቆይ፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ሳይጠብቅ እጁን አይስደድ።

ብሬከሩ ወርዶ ቁልፍ ይደረግበት፣ ቁልፉም የሚጠግነው ሰው ኪስ ውስጥ ይግባ። ሁለት ሰው ከሆኑ ሁለት ቁልፍ። «እየተሠራ ነው» የሚል ወረቀት ብቻ አይበቃም። አንድ መካኒክ ሰንሰለት ሲያስተካክል ከሌላ ፈረቃ የመጣ ሰው «ብሬከሩ ወርዷል» ብሎ መልሶ አነሳው፤ ሰንሰለቱ የመካኒኩን ሁለት ጣቶች ቆረጣቸው። ጣቶቹን በቀጥታ በረዶ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ ነው የደረስነው። የተቆረጠ አካል በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ፌስታል ውስጥ ታሽጎ፣ ፌስታሉ ነው በረዶ ላይ የሚቀመጠው። በረዶ በቀጥታ ከነካው ሥጋው ይበላሻል፣ ለመቀጠልም ያስቸግራል።

ብሬከሩን ያወረደውን ልጅ አመስግኑልኝ። በደመ ነፍስ ሮጦ ቢይዘው ሁለት ሰው ይያዝ ነበር። ማጥፊያው ሩቅ ቢሆን ኖሮ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ይቻላል፤ ይህ ግን ለተለመደው 220ና 380 ቮልት ብቻ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት መስመር ከሆነ ኃይሉ ከምንጩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ማንም አይጠጋም። የተላቀቀው ሰው ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ አምቡላንስ እየተጠራ ደረቱ መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እየገባ ይጫን።

አለቃው እንዳይከፋው ብላችሁ ዝም እንዳትሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማሽኑን፣ ያዩትን ሰዎች ዛሬውኑ በጽሑፍ አስመዝግቡ፣ ቅጂውንም ያዙ። ኬብሉን ማንም ሳይነካው ፎቶ አንሱት። የሐኪሙን ወረቀትም ባልደረባህ ራሱ ያስቀምጥ፤ የእጅ መደንዘዝ ወይም የዓይን ሞራ ከወራት በኋላ ቢመጣ ከዚህ አደጋ ጋር የሚያገናኝለት እሱ ነው።