አንድ ዲሽ፣ ሁለት ስክሪን፣ አንድ መኪና፦ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

ዲሽ ማስተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ «ኮስተር ላይ አልጋና ማድቤት ገጥመን ለተጓዥ ልናከራየው ነው፤ ሁለት ቲቪ በአንድ ዲሽ እንዴት ይሠራልናል?» ብሎ ከጠየቀ ወዲህ የውስጥ መልእክቴ ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ዛሬ እሑድ ከሰዓት ሁላችሁም እያያችሁ ልመልስ። አዳማ ላይ ዲሽ መስቀል ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። ከዲሹ እስከ ሪሲቨሩ ያለውን ጠይቁኝ። ኮድና ካርድ መክፈት የኔ ሥራ አይደለም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ ሪሲቨሩን ከሶኬት ሳትነቅሉ ኬብል አትፍቱ፣ አትላጡ። ኬብሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ።

ባለ ኮስተሩ፦ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ ማስተር። ፊት ለፊት 32 ኢንች፣ ኋላ አልጋው ጋ 24 ኢንች ሰቅለናል። ፊት ኳስ እየታየ ኋላ ልጆች የራሳቸውን እንዲያዩ ነው የምንፈልገው። ስፕሊተር ገዝቼ ለሁለት ብከፍለው አይበቃም?

ዲሽ ማስተር፦ አይበቃም። ይህን ረጋ ብዬ ልመልሰው፣ ምክንያቱም ከተማው ውስጥ ከምጠራባቸው ብልሽቶች ብዙዎቹ መነሻቸው ይኸው ነው።

ዲሹ ፊት የተሰካው ኤልኤንቢ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚቀበለው ራስ፣ በራሱ አይወስንም፤ የሚያዘው ሪሲቨሩ ነው። ሪሲቨሩ በዚያው በአንዱ ኬብል ወደ ላይ ቮልት ይልካል። 13 ቮልት ከላከ ኤልኤንቢው ቨርቲካሉን (ቁም ሞገዱን) ያወርዳል፣ 18 ከላከ ሆሪዞንታሉን (አግድሙን)። በዚያ ላይ 22 ኪሎኸርዝ ከጨመረበት ከ11.7 ጊጋኸርዝ በላይ ወዳለው ባንድ ይዞራል፤ ካልጨመረ ታችኛው ላይ ይቆያል። አያችሁ፣ አራት ክፍል አለ፤ አንድ ኬብል በአንድ ጊዜ የሚያወርደው ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሚያወርድ ትእዛዙ ከታች ይሄዳል።

አሁን ስፕሊተር ስታስገባ አንድ የጋሪ ፈረስ ላይ ሁለት ሰው ልጓም ያዘ ማለት ነው። ፊት ያለው ሪሲቨር 13 ይልካል፣ ኋላ ያለው 18 ይልካል፣ ከፍ ያለው ያሸንፋል። የተሸነፈው ስክሪን ላይ «ሲግናል የለም» ይላል። ስፕሊተር ሲግናል ይከፍላል፣ ትእዛዝ ግን አይከፍልም።

መፍትሔው ትዊን ኤልኤንቢ ነው። ሁለት መውጫ አለው፣ እያንዳንዱ የራሱን ትእዛዝ ይቀበላል። ከዲሹ ሁለት ኬብል ይወርዳል፣ ለእያንዳንዱ ቲቪ የራሱ ሪሲቨር ይሆናል። አራት ቲቪ ከሆነ ኳድ ግዛ። ሱቅ ስትገባ ግን «ኳድ» ስትል «ኳትሮ» እንዳይሰጡህ ተጠንቀቅ። መልካቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም አራት መውጫ አላቸው። ኳትሮ ግን እያንዳንዱ መውጫው በአንድ ክፍል ላይ የተቆለፈ ነው፤ ለብዙ ሪሲቨር ለሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ለመልቲስዊች፣ እንጂ በቀጥታ ለሪሲቨር አይሆንም። ጀርባው ላይ ቪ እና ኤች ከሚሉ ፊደላት ጋር ሃይ፣ ሎው የሚል ተጽፎበት ካየህ ኳትሮ ነውና መልሰው።

ሁለቱም ስክሪን አንድ ዓይነት ፕሮግራም እንዲያሳይ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግህም። አንድ ሪሲቨርና የኤችዲኤምአይ ማከፋፈያ ይበቃሃል።

የገንደ ሀራ ልጅ፦ ማስተር ይቅርታ፣ እኔ ቤት በስፕሊተር ሁለት ቲቪ ሦስት ዓመት ሙሉ ይሠራል። እንዴት አይሠራም ትላለህ?

ሞጆ መገንጠያ፦ እኔም ቤት ይሠራል። ተከራዮቼም በዚያው ነው የሚያዩት።

ዲሽ ማስተር፦ የገንደ ሀራው፣ ሁለቱም ቲቪ ላይ ምንድን ነው የምታዩት?

የገንደ ሀራ ልጅ፦ ኢትዮሳት ብቻ። ፍሪኩዌንሲው 11105።

ዲሽ ማስተር፦ መልሱ እሱው ነው። 11105 ሆሪዞንታል 45000 ላይ ሁለታችሁም እስካላችሁ ድረስ ሁለቱም ሪሲቨር የሚልከው ያው 18 ቮልት ነው። ፈረሱን ሁለታችሁም ወደ አንድ ወገን ስለምትስቡት ነው የሚሄደው። ዛሬ ማታ አንዱን ቲቪ ቨርቲካል የሆነ ፍሪኩዌንሲ ላይ አድርገውና ምን እንደሚሆን እዚሁ ጻፍልን። «ይሠራል» ማለትና «የምታየው ነገር ስለገጠመ ሠራ» ማለት ይለያያል። መኪና ተከራይቶ የመጣ እንግዳ ደግሞ ምን እንደሚከፍት አታውቅም።

ሞጆ መገንጠያ፦ ለነገሩ አሁን ሁሉም ሰው በስልኩ ነው የሚያየው። ዲሽ ጊዜው አልፎበታል።

ሹፌር ነኝ፦ አንተ ሞጆ ቁጭ ብለህ ነው እንደዚያ የምትለው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የሌለበት ስንት ቦታ አለ። ደግሞ አንድ ኳስ በስልክ ለማየት ዳታው ስንት ጊጋ እንደሚበላ አስበው።

ሞጆ መገንጠያ፦ ዋይፋይ ያለበት ሎጅ ያርፉ እንጂ።

ሹፌር ነኝ፦ ሎጅ የሚያርፍ ሰው አልጋ ያለው መኪና ለምን ይከራያል?

ዲሽ ማስተር፦ እናንተ ክርክሩን ለብቻችሁ። እዚህ ዲሽ ነው።

ባለ ኮስተሩ፦ ትዊኑን ገዛን እንበል። ሶደሬ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ስንደርስ ዲሹን ወዴት ነው የምናዞረው?

ዲሽ ማስተር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከአዳማ ስታየው ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 25 ዲግሪ ያህል ዘወር ብሎ፣ ከአድማስ 67 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። አናትህ ላይ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሐዋሳ ስትደርስ ከፍታው ያው 67 አካባቢ ነው፣ አቅጣጫው ግን 5 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 20 ይሆናል። ስለዚህ የከፍታውን ብሎን አንዴ አዳማ ላይ አስተካክለህ አጥብቀው፣ በቀለምም ምልክት አድርግበት። መንገድ ላይ የምትነካው ግራ ቀኙን ብቻ ይሁን። ይህን የማያውቅ ሰው በየፌርማታው ሁለቱንም ፈትቶ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

የዲሹ ፊት ግን 67 ዲግሪ ወደ ላይ የሚያይ አይመስልም። ኦፍሴት ዲሽ (ኤልኤንቢው ከመሐል ወደ ታች ወርዶ የተሰካበት) ስለሆነ ፊቱ ከሚያየው ቦታ ከ20 ዲግሪ በላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው። በዓይናችሁ አትገምቱ።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ደግሞ የኤልኤንቢው መዞር ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ከውጭ የመጣ መመሪያ ላይ ኤልኤንቢው ቀጥ ብሎ ወይ ጥቂት ዘንበል ብሎ ታዩታላችሁ፤ የተጻፈው ለአውሮፓ ነው። ከአዳማ ወደ 57 ዲግሪ ስታዩ መዞሩ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ቀጥ አድርጋችሁ ከሰካችሁት ቨርቲካሉና ሆሪዞንታሉ ይደባለቃሉ፤ ሲግናሉ 80 እያለ ኳሊቲው 20 ላይ ይቀራል። የኤልኤንቢውን ማሰሪያ ላላ አድርጉ፣ አንድ ሰው ስክሪኑን እያየ ቁጥር ይጥራ፣ ሌላው እንደ ሰዓት ዘንግ ቀስ እያደረገ ያዙረው። ኳሊቲው ከፍ ብሎ መልሶ መውረድ ሲጀምር ጥቂት ተመለሱና አጥብቁ። ከ100 ቤት ስንቱ ላይ ይህን ብቻ አድርጌ እንደወጣሁ!

አውቶማቲክ የጣሪያ ዲሽ ከውጭ ላስመጣ የምትሉ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ከፍታው እስከ ስንት ዲግሪ ይሄዳል? 67 ካልደረሰ ለኛ አይሆንም። ሁለተኛ፣ 57 ምሥራቅ በውስጡ ተመዝግቧል ወይ? ብዙዎቹ እንደ አስትራ 19.2 እና ሆትበርድ 13 ላሉ የአውሮፓ ሳተላይቶች ተሞልተው ነው የሚመጡት።

ሹፌር ነኝ፦ ናይልሳትስ? እዚያው ዲሽ ላይ አይያዝም?

ዲሽ ማስተር፦ አይያዝም። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ፣ 64 ዲግሪ ይራራቃሉ። ሁለት ዲሽ፣ ሁለት ትዊን ኤልኤንቢ፣ ለእያንዳንዱ ሪሲቨር ከሁለቱ ዲሽ አንዱን የሚመርጥለት አንድ ዳይሴክ ስዊች። ናይልሳት ከፍታው 36 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በስተምዕራብ ያለ ግራር ይጋርደዋል፤ ኢትዮሳት ግን ከዛፍ ራቅ ብላችሁ ከቆማችሁ ከላይ ያገኛችኋል።

ፖስታ ቤት ሰፈር፦ ማስተር ሲግናል የለም ይለኛል። ምን ላድርግ?

ዲሽ ማስተር፦ የትኛው ሳተላይት? ኳሊቲው ስንት ነው? ትናንት ይሠራ ነበር? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም ወንድሜ። አሟልተህ ተመለስ።

እናት ጓዳ፦ ሰላም ማስተር። እኛም ሚኒባሳችንን ለቤተሰብ እያሰናዳን ነው። መኪናው እየሄደ ልጆች ማየት ይችላሉ?

ዲሽ ማስተር፦ በተራ ዲሽ አይችሉም እህቴ። 60 ሳንቲ ሜትር ዲሽ የሚያየው 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ መኪናው አንድ ኩርባ ሲዞር ሳተላይቱ ይጠፋል። እየሄደ የሚከተል አንቴና አለ፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ልጆቹ የሚወዱትን በሪሲቨሩ ፍላሽ ላይ ቅጂላቸውና መንገድ ላይ ከዚያው ይዩ። ቆማችሁም ቢሆን ሰው ሲወጣና ሲወርድ መኪናው ስለሚወዛወዝ ዲሹን ጣሪያው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ በእግሩ አቁሙት። አዳማ ናችሁ፣ ነፋሱን ታውቁታላችሁ፤ እነዚያ ተርባይኖች ኮረብታው ላይ የተተከሉት ያለምክንያት አይደለም። 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ እግሩ መሐል ላይ እሰሩበት።

ዋንጂ፦ ስፕሊተር ግን ጥራት ያለው ከሆነስ? በወርቅ የተቀባ አለ።

ዲሽ ማስተር፦ ከላይ አንብብ። ወርቅም ቢሆን ትእዛዝ አይከፍልም።

ባለ ገስት ሃውስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ እንደናንተ አልገባኝም። ስምንት ክፍል አለኝ፤ በየክፍሉ የተለያየ እንዲታይ ስምንት ዲሽ ልስቀል?

ዲሽ ማስተር፦ ጤና ይስጥልን ጋሼ። የለም፣ አንድ ዲሽ ይበቃዎታል። ቅድም «አትግዙ» ያልኩት ኳትሮ ለእርስዎ ነው የተሠራው። ከኳትሮው አራት ኬብል ወደ መልቲስዊች ይገባል፣ ከመልቲስዊቹ ስምንት ኬብል ወደ ስምንት ክፍል ይሄዳል፣ በየክፍሉ አንድ ሪሲቨር። ኬብሉ ልቡ መዳብ የሆነ አርጂ 6 ይሁንልዎ፤ ልቡ ብረት ሆኖ መዳብ የተቀባው ርቀት ላይ ቮልቱን ያደክመዋል። ማግኔት አስጠግተው ከሳበው አይውሰዱት።

ባለ ኮስተሩ፦ ሪሲቨሩ 12 ቮልት ይላል። በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ ልሳብ?

ዲሽ ማስተር፦ ቆይ! እንዳታደርገው። ኮስተርና አይሱዙ ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ ነው። አምና አንድ ደንበኛዬ ጋራዥ ውስጥ ኤሌክትሪሺያኑ ሪሲቨሩን በቀጥታ ከባትሪው ሰጠው። ስደርስ ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ የሪሲቨሩ ካፓሲተር እንደ ፈንዲሻ ፈክቶ ነበር። ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 መሳብም መፍትሔ አይደለም፤ አንዱ እየደከመ አንዱ እየሞላ ሁለቱም ያልቃሉ።

ትክክለኛው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው። ከዚያ የተሻለው ለቤቱ የብቻው 12 ቮልት ባትሪ መስጠት። ሁለቱ ቲቪና ሁለቱ ሪሲቨር 85 ዋት ቢወስዱ 7 አምፔር ገደማ ነው። 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ ግማሹን ብቻ ብትጠቀም 7 ሰዓት ታያለህ። ጠዋት ሞተሩ እንዲነሳልህ የሞተሩን ባትሪ ለቲቪ አትንካው።

ፖስታ ቤት ሰፈር፦ ተመለስኩ። ኢትዮሳት ነው፣ ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ተመለሰ። አሁን ይሠራል።

ዲሽ ማስተር፦ አሁን ጠየቅህ። ወቅቱ መስከረም አጋማሽ ነው። በመስከረምና በመጋቢት ጥቂት ቀናት ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች፤ ለኢትዮሳት ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። የፀሐይዋ ጨረር ሲግናሉን ይውጠዋል። ዲሹን አትንካ። ከመስቀል በኋላ በራሱ ይተዋል።

ዋንጂ፦ ዲሽ አሁን ስንት ገባ?

ዲሽ ማስተር፦ ሱቅ ጠይቅ።

ባለ ኮስተሩ፦ ማስተር፣ ትዊኑን ገጥመን አሁን ግቢ ውስጥ እየሞከርን ነው። ኤልኤንቢውን ስናዞረው ኳሊቲው ከ31 ወደ 74 ወጣ! የፊቱ ቲቪ ጠራ። የኋላው ግን ዜሮ ነው፤ ሪሲቨሮቹን ብንቀያይርም ያው የኋላው ነው።

ዲሽ ማስተር፦ እንኳን ቀያየራችሁ፤ ሪሲቨሩ ነጻ ወጣ፣ ጥፋቱ የኋላው ኬብል ነው። ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀል። ነቀልህ? አሁን የኬብሉን ጃክ ፍታና በፀሐይ ብርሃን እየው። መሐል ያለውን መዳብ የነካ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር አለ?

ባለ ኮስተሩ፦ አለ። አንድ ብቻ።

ዲሽ ማስተር፦ እሱ ነው ሾርት ያደረገው። ክሮቹን ሁሉ ወደ ኋላ እጠፋቸው፣ ነጩ ፕላስቲክ ንጹሕ ሆኖ ይታይ፣ መዳቡ ከጃኩ አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይውጣ። ከዚያ አጥብቀህ ሪሲቨሩን ሰካ።

ባለ ኮስተሩ፦ 72። ፊት ዜና፣ ኋላ ሙዚቃ። ሁለቱም ይሠራሉ።

ዲሽ ማስተር፦ ጎበዝ። ኬብሉን ጣሪያው ላይ ወደ ቀዳዳው ከማስገባትህ በፊት ወደ ታች አጎንብሰህ መልሰው፤ የዝናቡ ውሃ ከዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ አልጋው ላይ አይወርድም። ዙሪያውን ሲሊኮን ድፈንበት።