ኪንቫራ፣ ኢቮ ኤስኤል ወይስ ፔጋሰስ፦ ለሲኤምሲ አስፋልትና ለእንጦጦ ኮሮኮንች

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላነበቡት በአጭሩ፦ 74 ኪሎ ትመዝናለህ፣ በሳምንት 4 ቀን በድምሩ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለህ፤ 3ቱን ቀን ሲኤምሲ አካባቢ አስፋልት ላይ፣ እሑድ እንጦጦ ኮሮኮንች ላይ። እህትህ ከዋሽንግተን ስትመጣ አንድ ጥንድ ልታመጣልህ ነውና ከሳኮኒ ኪንቫራ፣ ከአዲዳስ ኢቮ ኤስኤልና ከናይኪ ፔጋሰስ ለየቀኑ የሚሆነው ቀላል ጫማ የቱ ነው ብለሃል። አሁን የያዝከው ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ሶሉ ወፍራም ጎማ የሆነ ጫማ ነው።

ኢቮ ኤስኤሉን አስመጣ፣ ግን ለአስፋልቱ ብቻ። እንጦጦን በያዝከው ጫማ ቀጥል። አሮጌው አልቆ በአንድ ጥንድ ሁሉንም መሮጥ ግድ ከሆነ ደግሞ ፔጋሰስ ይሻልሃል፣ ክብደቱን ቻለው።

ክብደቱን እንይ። ኪንቫራ 200 ግራም አካባቢ፣ ኢቮ ኤስኤል 224 ግራም፣ ፔጋሰስ 41 (41ኛው ሞዴል እንጂ የእግር ቁጥር አይደለም) ወደ 290 ግራም ይጠጋል። ቁጥሮቹን እንዳሉ ማወዳደር ግን ያሳስታል። ናይኪ ብዙ ጊዜ መዝኖ የሚጽፈው የአሜሪካ ቁጥር 10ን ሲሆን፣ ሳኮኒና አዲዳስ 9ን ነው። ቁጥሩ በአንድ ሲያድግ ጫማው 10 ግራም ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ቢመዘኑ በኢቮ ኤስኤልና በፔጋሰስ መካከል ያለው ልዩነት 55 ግራም ገደማ ነው። በእያንዳንዱ እግር ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሰውነት የሚያወጣው ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ 55 ግራም ማለት ግማሽ በመቶ ነው። ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ ለሚሮጥ ሰው 2 ሰከንድ ያህል መሆኑ ነው። በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ላይ 20 ሰከንድ ይሆናልና ዋጋ አለው፤ ለማክሰኞ ጠዋት የዝግታ ሩጫ ግን ምንም አይደለም። ቀላል ጫማ በልምምድ የሚወደደው እግር ቶሎ ስለሚነሳበትና ፍጥነት ለመቀያየር ስለሚመች ነው።

ይልቅ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ጫማው የቀለለው ምን ተቀንሶለት ነው? የተቀነሰውን ነገር የአንተ መንገድ ይፈልገዋል ወይስ አይፈልገውም?

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከታች ያለው ጎማ ነው፤ ጎማ ከባድ ነውና። ኪንቫራን ገልብጠህ ብታየው ጎማ ያለው በጣት በኩልና በተረከዝ ላይ በቁራጭ ነው፤ የቀረው መሬት የሚነካው ራሱ ፎሙ፣ ማለትም ለስላሳው የሶል ስፖንጅ ነው። ንጹሕ አስፋልት ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም። ኮሮኮንች ላይ ግን ስለታም ጠጠር ፎሙን እየቦረቦረ ይበላዋል፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ ተረከዝ እየተንሸራተተ ብሬክ በሚይዝበት ጊዜ። ፎሙ ከአንድ ወገን ሲበላ ጫማው ያዘነብላል፣ ጉልበትህም አብሮ ያዘነብላል። ሌላም አለ፦ ሶላቸው መሃል ላይ ሰፊ ቦይ ያላቸው ጫማዎች ጠጠር ይይዛሉ፣ ጠጠሩም እየተገፋ ፎሙን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በየሩጫው ማግስት ገልብጦ በዱላ ማውጣት ነው። ፔጋሰስ ከጣት እስከ ተረከዝ ጎማ ስለለበሰ ለእንጦጦ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የከበደውም በከፊል በዚያው ምክንያት ነው።

ሁለተኛ የሚቀነሰው የተረከዝ መያዣውና የላይኛው ጨርቅ ስፖንጅ ነው። የጫማውን ተረከዝ ከኋላ በአውራ ጣትህ ጫን፤ በቀላሉ ከተጣጠፈ ለቀጥታ አስፋልት ይበቃል፣ ጎርበጥባጣ መሬት ላይ ግን ቁርጭምጭሚትን አይይዝም። የጨርቁ መሳሳት ለሙቀት ጥሩ ነው፤ ሆኖም የእንጦጦ ደቃቅ አቧራ ሰርጎ ይገባና ከላብ ጋር ተቀላቅሎ የተረከዙን ገበር እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። ገበሩ ቀድሞ የሚቀደድባቸው ቀላል ጫማዎች ብዙውን ጊዜ ታሪካቸው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ራሱ ፎሙ ነው። አዲዳስ በኢቮ ኤስኤል ላይ ያደረገው ላይትስትራይክ ፕሮ የሚባለውን፣ በውድድር ጫማዎቹ ውስጥ ያለውን ፎም ነው፤ የካርቦን ዘንግ ግን አላስገባበትም። ለዚህ ነው ወፍራም ሆኖ ቀላል የሆነው። 74 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከኪንቫራ የሚሻልበት ዋና ምክንያት ነው፦ ኪንቫራ ቀጠን ያለ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት ሩጫ በኋላ የአስፋልቱ ጥንካሬ ወደ እግርህ ይደርሳል። 55 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ምናልባት ሌላ እመክረው ነበር።

እዚህ ላይ "እንግዲያው የቀለለው ሁሉ ጥሩ ነው" የሚሉ አሉና አንድ ነገር ላስታውስ። ትግስት አሰፋ በ2023 የበርሊን ማራቶንን በ2:11:53 የሮጠችበት የአዲዳስ አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1 ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ኩባንያው ራሱ የሠራው ለአንድ ማራቶንና ጫማውን ለመላመጃ ለምትሆን ሩጫ ብሎ ነው። ያንን የመሰለ ጫማ ለየቀኑ ልምምድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የሶሉን ውፍረት በተመለከተም፣ የምትወዳደሩ ልጆች የልምምድና የውድድር ጫማችሁን አታምታቱ፦ በጎዳና ውድድር የተፈቀደው እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ደራራ ሁሪሳ በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከገባ በኋላ የተሰረዘው ሶሉ 50 ሚሊ ሜትር ስለነበረ ነው።

አሁን ብዙዎች ወደሚጎዱበት ጉዳይ፦ በተረከዝና በጣት በኩል ያለው የሶል ከፍታ ልዩነት። ፔጋሰስ 10 ሚሊ ሜትር፣ ኢቮ ኤስኤል 6፣ ኪንቫራ 4 ነው። ተረከዝ ዝቅ ሲል ባትና የተረከዝ ጅማት በእያንዳንዱ እርምጃ የበለጠ ይለጠጣሉ። በደቂቃ 170 እርምጃ ብትረግጥ በአንድ ሰዓት ከ10 ሺህ በላይ ነው። ለዓመታት ከፍ ያለ ተረከዝ የለመደ ጅማት ይህን በአንድ ሳምንት አይቀበልም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት አዲሱን ጫማ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ25 ወይም 30 ደቂቃ በዝግታ ብቻ ሩጥበት። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት 2 ቀን አድርገው። ፍጥነትና ዳገት ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ የተረከዝህ ጅማት ግትር ብሎ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ካስነከሱህ አንድ ሳምንት ወደ አሮጌው ተመለስ። ሲሞቅ ይለቃልና ችላ ይባላል፤ ችላ የተባለ ጅማት ግን ወራት ይወስዳል።

ቁጥሩን በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ቁጥር አትላክላት፤ የአንዱ ኩባንያ 42 የሌላው 42 አይደለም። እግርህን ማታ ላይ፣ ስትሮጥ የምታደርገውን ካልሲ አድርገህ፣ ወረቀት ላይ ቆመህ ለካ፤ ጠዋት እግር ያነሰ ነው። ከሁለቱ የሚረዝመውን ያዝ። ከረጅሙ ጣትህ ጫፍ እስከ ጫማው ጫፍ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድ ጥፍር የሚጠቁረው ይህ ክፍተት ስለሌለ ወይም የላይኛው ማሰሪያ ስለላላ እግር ወደፊት እየተንሸራተተ ነው። የመጨረሻዋን ቀዳዳ ተጠቀም፣ ክሩን እዚያው ጎን ወዳለችው ቀዳዳ አስገብተህ ትንሽ ቀለበት ሥራ፣ ተቃራኒውን ክር በቀለበቱ አሳልፈህ ሳብ። ተረከዝ አይንቀሳቀስም።

ከመርካቶም ሆነ ከሌላ ቦታ እዚሁ ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ የወጥ ቤት ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ፎርጅዱ መልኩን እንጂ ፎሙን አይመስልም፤ በትክክለኛው ቁጥር ከተጻፈው ክብደት በ20 ግራም ከበለጠ ተዉት። በምላሱ ውስጥ ባለው ትንሽ ወረቀት ላይ ያለው የሞዴል ኮድ ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑን አይታችሁ አመሳክሩ። ሳልቫጅ ጫማ መልኩ አዲስ ቢመስልም የሶሉ ጎን ላይ አግድም የተሸበሸቡ መስመሮች ካሉ ፎሙ ሞቷል፤ ጎማው ቢተርፍም ለሩጫ አይሆንም።

አያያዝ። ቀላል ጫማ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፣ ሙሉ ጎማ ያለው ከዚያ ይበልጣል። አስፋልቱን ብቻ በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር ብትሮጥበት ከ13 እስከ 16 ሳምንት መሆኑ ነው፤ የጀመርክበትን ቀን የውስጥ ንጣፉ ስር በእስክሪብቶ ጻፈው። ክረምት ላይ ከረጠበ ንጣፉን አውጣ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ቀይርና ጥላ ላይ ተወው። ከሰል ዳር ወይም ቀትር ፀሐይ ላይ አታስጣው፤ ሙቀት ማስቲሹን ያላላዋል፣ ፎሙንም ያኮማትረዋል። ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ አራግፈህ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠብ፤ በረኪና አታስነካው፣ ማሽን ውስጥም አታስገባው።

ለእህትህ የምትጽፍላት ይህን ያህል ነው፦ ኢቮ ኤስኤል፣ የረጅሙ እግርህ ልክ በሴንቲ ሜትር ሲደመር 1፣ ሱቅ ውስጥ በምላሱ ላይ ካለው የሴንቲ ሜትር ቁጥር ጋር እንድታመሳክረው። ሻንጣ ውስጥ ስትከተው ካልሲ ጠቅጥቃበት፣ ከባድ ነገር ሳትጭንበት ታምጣው።