ከጅሬን ዳገት እስከ ቱሉ ዲምቱ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ተራራን የሚመለከቱ ስለሆኑ በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው፤ የምሠራው በሂሳብ ሠራተኝነት ነው። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ መናገር ያቅተኛል። የማታ ትምህርቴንም ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋርጫለሁ። ጓደኛዬ “አንድ ትልቅ ተራራ ብትወጪ በራስ መተማመን ታገኛለሽ” ትለኛለች። እውነት ነው? ከሆነስ ከየት ልጀምር? (ከሂርማታ)

መልስ፦ እህታችን፣ ጓደኛሽ ግማሹን ልክ ብላለች። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ሰው “እችላለሁ” የሚለውን እምነት ከሁሉ አብልጦ የሚያገኘው ከምክርና ከማበረታቻ ሳይሆን ራሱ ሠርቶ ካሳካው ነገር ነው። ተራራ ለዚህ ይመቻል፤ ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ያረፍሽበትን ዳገት ዛሬ አንዴ ብቻ አርፈሽ ከወጣሽው ማንም ሊክድሽ አይችልም፤ አንቺም ራስሽን መካድ ያቅትሻል። ነገር ግን መተማመኑ የሚገነባው ጫፉ ላይ በምትቆሚባት ሩብ ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ነው። ሳይዘጋጅ ሄዶ መንገድ ላይ የቀረ ሰው “ድሮም አልችልም” የሚለውን ይዞ ይመለሳል።

ልምምድሽን ጅሬን ላይ ጀምሪ። ከከተማው እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱም ለጀማሪ በቂ ነው። ስምንት ሳምንት ያዢ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ 45 ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ፤ ቅዳሜ ወይም እሁድ ጅሬን ውጪ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሸክም አይኑርሽ። በሦስተኛው ሳምንት 3 ኪሎ ያዢና በየሳምንቱ አንድ ኪሎ እየጨመርሽ በሰባተኛው 7 ኪሎ ድረሺ። ስምንተኛው ሳምንት የእረፍት ነው፤ ያለ ሸክም ግማሹን መንገድ ብቻ። ሸክሙ የውሃ ጠርሙስ ይሁን፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ላይ ስትደርሺ ለመጠጥ የሚሆንሽን አስቀርተሽ ሌላውን አፍሺው፤ ጉልበትን አብዝቶ የሚያስጨንቀው ቁልቁለት ነውና። በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት ግን ግማሹን ይዘሽ ውረጂ፤ የጭን ጡንቻ መውረድንም መልመድ አለበት።

ጀማሪን የሚያደክመው የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ነው። ሰውነት ሳይሞቅ መቸኮል ይመጣል፤ ከዚያ ትንፋሽ ይቆረጣል። ፍጥነትሽን በንግግር ለኪው፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጪ መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።

ማታ ስትመለሺ ደብተር ላይ ሦስት መስመር ጻፊ፦ ምን አቅጄ ነበር? ምን አደረግኩ? የት ቆምኩ፣ ለምን? ዋናዋ ሦስተኛዋ ናት። “ደከመኝ” ብለሽ አትለፊያት፤ “ቁርስ ሳልበላ ስለወጣሁ” ወይም “መጀመሪያ ላይ ስለቸኮልኩ” ብለሽ ጻፊ። ምክንያቱን ለይቶ ያወቀ ሰው ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተካክለው ነገር አለው፤ “ሰነፍ ነኝ” ብሎ የደመደመ ግን ምንም የለውም። ያቋረጥሽውን ትምህርትም በእነዚሁ ሦስት መስመሮች ብታዪው እንወዳለን።

ስብሰባውን በተመለከተ፣ የተራራ ድፍረት በራሱ ጊዜ ወደ ቢሮ አይገባም። እሱንም እንደ ሸክሙ ቀስ በቀስ ጨምሪ፦ መጀመሪያ ወረቀት ላይ የጻፍሽውን አንድ ጥያቄ አንብበሽ ጠይቂ፤ ሲለመድ ያለ ወረቀት፤ ቀጥሎ የሁለት ደቂቃ ሪፖርት።

ትልቁን ተራራ ስትወጪ የመመለሻ ሰዓትሽን የምትወስኚው ከዋዜማው ማታ፣ አእምሮሽ ባልደከመበት ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከቀኑ 6 ሰዓት ካልሽ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ለጫፉ 200 ሜትር ብቻ ቢቀርም ተመለሺ። ከሰዓት በኋላ ደመና ሊወርድ ይችላል፤ ለመውረጃም ጉልበትና ብርሃን መትረፍ አለበት። ሁለት ጊዜ ላቋረጠ ሰው ይህ ሦስተኛ ማቋረጥ ሊመስል ስለሚችል አጥብቀን የምንናገረው ነው፦ አስቀድሞ በተወሰነ ሰዓት የተመለሰ ሰው ያሰበውን ፈጽሟል።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ኳስ እንጫወታለን፣ እንሮጣለን። ባለፈው ዓመት ከጅማ ባሌ ሄደን ጎባ ከተማ አንድ ሌሊት አደርን፤ በማግስቱ በመኪና ወደ ሳነቴ አምባ ወጥተን እዚያው በድንኳን አደርን። ሌሊት ሁለታችንን ራስ ምታት ያዘን፤ አስመለሰንም። ዘንድሮ የባሌ ተራሮችን ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱን በእግር ለመውጣት አስበናል። ምን እናስተካክል? ቡናና ጫትስ ይከለከላሉ? (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ የጉልበት ማነስ አይደለም፤ አወጣጣችሁ ስለፈጠነ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ፣ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ፣ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል፤ መኪናው ግን በሰዓታት ያደርሳችኋል። የያዛችሁ የከፍታ ሕመም ነው፤ ስፖርተኛነት ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ብርቱ ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሊያዝ ይችላል።

ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። እዚያው ባሌ ያለችው የዲንሾ ከተማ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሁለት ሌሊት እዚያ እደሩ፤ ቀን ከፍ ወዳለው ስፍራ ተራምዳችሁ ማታ ተመለሱ። በሦስተኛው ሌሊት 3,500 አካባቢ፣ በአራተኛው ሳነቴ። ቀላል ራስ ምታት ከያዛችሁ ባላችሁበት ቆዩ፤ ውሃ ጠጡ፣ ማስታገሻ ውሰዱ። ካልተሻለ ውረዱ። የታመመው ሰው ተረከዙን ከፊተኛው እግሩ ጣት እያስነካ ቀጥ ባለ መስመር መራመድ ካቃተው፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ አውርዱት። ብቻውን ግን አትልቀቁት። አሴታዞላማይድ የተባለውን መከላከያ መድኃኒት፣ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማችሁ ካላችሁ፣ ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ።

ቡናችሁን እንደ ልማዳችሁ ጠጡ። በየቀኑ የሚጠጣ የጅማ ሰው ተራራ ላይ ድንገት ሲያቋርጥ ራሱን ያመዋል፤ ያኔ ሕመሙ የከፍታው ይሁን የቡናው ለመለየት ያስቸግራል። ጫት ግን ይቅር። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፣ ድካምንም ስለሚደብቅ መቆም ያለባችሁን ቦታ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒንም አትንኩ፤ ተኝታችሁ ሳለ አተነፋፈስን ያዳክማሉ።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይሻላል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ጫፉ ከጅማ በ17 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ጋቢ ድንኳን ውስጥ ጥሩ ነው፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ከረጠበ አያሞቅምና ለመንገድ የሱፍ ሹራብና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ያዙ። ለስንቅ ከበሶ የሚሻል የለም፤ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሳነቴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ምስር ለማብሰል መሞከር ነዳጅ መጨረስ ነው። በጾም ላለም በሶ፣ ኦቾሎኒና የሽምብራ ቆሎ ይበቃሉ።

ከእናንተ ራስ ዳሸንን (4,550 ሜትር) የሚያስብ ካለ የአወጣጡ ደንብ ያው ነው፤ ከመነሳቱ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ጎንደርና ደባርቅ ካሉ ሰዎች ያጣራ።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ከጅሬን ሲመለስ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ አገኘሁት። ጫማው ጠቦት ይሆን? (አባት፣ ከቆጪ)

መልስ፦ ሊጠበውም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ በቁልቁለት እግር ወደፊት እየተንሸራተተ ከጫማው ጫፍ ጋር መጋጨቱ ነው። የጫማውን ማሰሪያ ይፍቱና እግሩን እስከ ጫፍ ይግፋ፤ ከተረከዙ ኋላ የእርስዎ አንድ ጣት ካልገባ ጫማው አጥሮታል። አዲስ ሲገዙለት እግር ወደሚያብጥበት ወደ ማታ ይውሰዱት፤ የሚራመድበትን ወፍራም ካልሲም ያድርግ። መውረድ ከመጀመሩ በፊት ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥብቆ እንደገና ይሰር፤ ጥፍሩንም ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ቀጥ አድርጎ ይቁረጥ። የጠቆረው ጥፍር ካልጠዘጠዘውና ካልመገለ ይተዉት፤ ሊወልቅ ይችላል፣ ግን ይተካል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለማደግ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከጠዘጠዘው ወይም ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ በመርፌ ለመብሳት ቤት ውስጥ አይሞክሩ።