ጃፓን ላይ እረፍት ቀን ምን ይሰራል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጃፓን የደረሱን ደብዳቤዎች በዛ ብለዋል፣ ሁሉም ደሞ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፤ ትምህርቱስ ስራውስ እሺ፣ ቅዳሜና እሁድ ምን ይደረጋል? እኔ ቶኪዮ ብዙ አመት ስለኖርኩ አዘጋጆቹ ወደኔ ጣሉት፣ እንግዲህ የማውቀውን ልበል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። በጃፓን መንግስት ስኮላርሺፕ ቶኪዮ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ጠዋት ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር እሮጥ ነበር፣ እዚህ ግን ኑሮዬ ከላብራቶሪ ወደ ዶርም ከዶርም ወደ ላብራቶሪ ሆኗል። የላብራቶሪው ልጆች ጨዋ ናቸው፣ ግን አንድም ቀን "ና እንውጣ" ያለኝ የለም። የት ልሩጥ? ከማን ጋርስ? (ሯጩ፣ ከቶኪዮ)

መልስ፦ ወንድሜ አይዞህ፣ ግን "ና እንውጣ" የሚለውን መጠበቅ ተው። እኛ ጋ ሰው ደውሎ "የት ነህ? መጣሁ" ይላል ይመጣልም፣ እዚህ መዝናናትም ቀጠሮ አለው። ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ነገር ፈልገህ ትገባለህ፣ በየሳምንቱ እዛው ቦታ ትታያለህ፣ ስምህን ይለምዱታል፣ ከዛ አንድ ቀን ራሳቸው ከሩጫው በኋላ ራመን እንብላ ይሉሃል። ጠልተውህ አይደለም፣ ሰውን ማስቸገር እንዳይሆንባቸው ፈርተው ነው ዝም የሚሉት።

ለመጀመር ቀላሉ ፓርክራን ነው። ቅዳሜ ጠዋት በኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ 5 ኪሎ ሜትር፣ ነፃ፣ አንዴ ኢንተርኔት ላይ ተመዝግበህ ባርኮድህን ይዘህ መሄድ ብቻ ነው። ጃፓን የገባው 2019 እ.ኤ.አ. ላይ ፉታኮታማጋዋ ወንዝ ዳር ነው፣ አሁን ብዙ ቦታ አለ። ፈረንጁም ጃፓኑም ይመጣል፣ በእግሩ የሚጨርስም አለ፣ ማንም አይቸኩልብህም። ለብቻህ መሮጥ ከፈለክ ደሞ የንጉሠ ነገሥቱን ቤተ መንግሥት መዞር ነው። ዙሩ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሀሉ ላይ አንድም የትራፊክ መብራት የለም፣ ቶኪዮ ውስጥ እንዲህ አይነት መንገድ ማግኘት ብርቅ ነው። የሚዞረው በግራ በኩል ነው፣ ማለት ቤተ መንግሥቱ ሁሌ በግራህ ይሆናል፣ ህግ ሆኖ ሳይሆን ሁሉም እንደዛ ስለሚያደርግ፤ አንተ በተቃራኒው ከመጣህ ማንም አይናገርህም ግን ሁሉም ያይሃል። ታኬባሺ ጋ ዳገቱ ይጀምራል እስከ ሃንዞሞን፣ ከዛ እስከ ሳኩራዳሞን ቁልቁለት ነው። ለእንጦጦ ልጅ ዳገት አይባልም። አካባቢው ላይ ሎከርና ሻወር ብቻ የሚያከራዩ ቤቶች አሉ፣ ወይ ደሞ ሴንቶ የሚባለው የህዝብ መታጠቢያ ቤት ገብተህ በ550 የን ገደማ ልብስህን ታስቀምጣለህ፣ ሮጠህ ተመልሰህ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትዘፈዘፋለህ፣ ግን ሯጭ የሚቀበል መሆኑን ቀድመህ ጠይቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ከ2300 ሜትር ከፍታ ወርደህ ባህር ጠርዝ ላይ ስትሮጥ የመጀመሪያ ሳምንታት ጀግና የሆንክ ይመስልሃል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ እንተያያለን። ሙቀቱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው የሚገለው፣ ላቡ አይደርቅም። በዛ ወቅት ቶኪዮ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ በዛ ሰዓት ተነስ፣ ፀሐይዋ ከበረታች ወዲያ እርሳው።

ስለ አበበም ሳልነግርህ ማለፍ አልችልም። 1964 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ስድስት ሳምንት እንኳን በቅጡ ሳይሞላው 2:12:11.2 ሮጦ ሁለተኛ የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቁን የወሰደው እዚሁ ቶኪዮ ነው፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን የሮጠበት መንገድ ዛሬም መኪና የሚሄድበት ኮሹ ካይዶ የሚባለው አስፋልት መሆኑን ስንቱ ሐበሻ ያውቃል? ከስታዲየሙ ተነስተው ወደ ምዕራብ ሮጠው ቾፉ ላይ ነበር የዞሩት፣ የዞሩበት ቦታ ላይ ምልክት ተተክሏል። ከሺንጁኩ በኬዮ ባቡር ቶቢታኪዩ ጣቢያ ትወርዳለህ፣ በእግር ትንሽ ነው። አጠገቡ ኤፍሲ ቶኪዮ የሚጫወትበት ስታዲየም ስላለ ጨዋታ ባለበት ቀን ብትሄድ ሁለቱን በአንድ ቲኬት ታደርጋለህ። የላብራቶሪህን ፕሮፌሰር እድሜያቸው ገፋ ያለ ከሆነ ስለ አበበ ጠይቃቸው፣ ከዛ በኋላ ዝም ማሰኘት ነው የሚያስቸግርህ።

ቶኪዮ ማራቶንን መሮጥ ካማረህ በሎተሪ ነው፣ አመልካቹ ከቦታው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ተስፋህን አታብዛ፣ መንገድ ዳር ቆሞ መጮህ ግን ነፃ ነው። 2024 ላይ ሱቱሜ አሰፋ በ2:15:55 ስታሸንፍ፣ 2025 ላይ ደሞ እሷ ደግማ በወንዶቹ ታደሰ ታከለ ሲወስደው ባንዲራ ይዞ መንገድ ዳር መገኘት ነበር! ጃንዋሪ 2 እና 3 ደሞ ሀኮኔ ኤኪደን አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች የዱላ ቅብብል፣ ከኦቴማቺ ሀኮኔ ተራራ ድረስ ደርሶ መልስ 217 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 10 ሯጮች። አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተጥዶ ነው የሚያየው፣ አንተ ግን ከገና በፊት ስራ ፈት ስለምትሆን ወጥተህ እየው።

ጥያቄ፦ ክራርና ኪቦርድ እጫወታለሁ። የምኖረው ካትሱሺካ አንዲት ክፍል አፓርታማ ነው፣ ክራሩን እንኳን ስነካ ጎረቤቴ ግድግዳውን ያንኳኳል፣ ባለፈው አከራዩ ወረቀት በር ላይ ለጥፎልኝ ነበር። ሙዚቃ መተው ነው? (ክራር ደርዳሪው)

መልስ፦ ኧረ መተው የለም! የዚህ አገር ሙዚቀኛ ሁሉ ያንተ ችግር አለበት፣ ለዛ ነው በየባቡር ጣቢያው አጠገብ የልምምድ ስቱዲዮ የሚኖረው። በሰዓት ነው የሚከራየው፣ ኪቦርድ፣ ድራም፣ አምፕ፣ ማይክ ውስጡ አለ። ለብቻህ ወይ ሁለት ሆናችሁ ከሆነ "ኮጂን ሬንሹ" የሚሉት የግል ልምምድ ዋጋ አለ፣ ለባንድ ከሚከፈለው በጣም ይረክሳል፣ ብቻ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ወይ እዛው ቀን ነው ቡክ ማድረግ የሚቻለው። በስራ ቀን ጠዋት ካራኦኬ ቤትም ርካሽ ነው፣ መሳሪያ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቅ፣ አንዳንዱ ይፈቅዳል አንዳንዱ አይፈቅድም። ከዚህም ሁሉ ነፃ ከፈለክ ካትሱሺካ አይደለህ? አራካዋ ወንዝ ደጅህ ነው፣ ድልድይ ስር ሄደህ ተቀመጥ፣ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ቀድሞህ ካልያዘው።

ግን እኔ ልነግርህ የፈለኩት ሌላ ነው። ኤንካ የሚባለውን የትልልቅ ሰዎች ዘፈን ሰምተህ ታውቃለህ? ሰፈርህ ያለ ትንሽ መጠጥ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎች ማይክ ይዘው የሚያለቅሱበት። ክራርህን ትዝታ ማይነር ቃኝና አብረህ ምታ፣ ቁጭ ብሎ ይገጥማል። አስማት አይደለም፣ ሁለቱም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፣ ኤንካው ከስኬሉ አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ይዘላል፣ የቀረው የትዝታ ማይነር ድምፆች ናቸው። ኮቶና ሻሚሰን በሚባሉት ባለ ክር መሳሪያዎች የሚጫወቱት የድሮው የከተማ ሙዚቃቸው ደሞ የኛን አምባሰል ቅኝት ነው የሚመስለው፣ ድምፆቹን ፒያኖ ላይ ቁጠራቸው ራስህ ታያለህ። እነሱና እኛ ተገናኝተን አይደለም፣ ግን ጆሯቸው ዝግጁ ነው ማለት ነው፣ አንተ አውሮፓ ላይ አንድ ሰዓት የምታስረዳውን እዚህ አታስረዳም።

ስለዚ ብቻህን አትለማመድ። ጃዝ ባሮች "ሴሽን" የሚሉት ምሽት አላቸው፣ መግቢያና አንድ መጠጥ ከፍለህ ስምህን ታስመዘግባለህ፣ ተራህ ሲደርስ ትወጣለህ። ሙላቱ አስታጥቄን የሚያውቅ ሰው አታጣም፣ የጃፓን የሸክላ ሰብሳቢ ምን እንደማያውቅ እኔ አላውቅም። ለመስማት ብቻ ከሆነ ጃዝ ኪሳ የሚባሉት ቡና ቤቶች አሉ፣ ዮኮሃማ ላይ የመጀመሪያዎቹ የተከፈቱት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፣ ትልቅ ስፒከር፣ ግድግዳ ሙሉ ሸክላ፣ አንድ ቡና አዘህ ቁጭ ትላለህ። ግን ወሬ የለም! በሹክሹክታ እንኳን የሚቆጡ ቤቶች አሉ፣ ጓደኛ ይዘህ ለጨዋታ የምትሄድበት አይደለም። ላይቭ ሀውስ የሚሉት ትንሽ የኮንሰርት ቤት ስትሄድ ደሞ ከትኬቱ ላይ አብዛኛው ቤት 600 የን ገደማ ለመጠጥ ያስከፍልሃል፣ ባትጠጣም። ኮንሰርቱ በጊዜ ያልቃል፣ የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እዚህ ስለሚሰራ ሳይታማ ነው የምንኖረው፣ የ4 እና የ8 አመት ልጆች አሉን። ደርሶ መልስ የምንሄድበት ቦታ ንገሩን፣ ብዙ ወጪ ሳይኖረው። እኔ ፆም አጥባቂ ነኝ፣ ስወጣ የምበላው አጣለሁ። (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ባቡር ላይ የ4 አመቱ ከናንተ ጋር ሆኖ ነፃ ነው፣ የ8 አመቷ ወይ የ8 አመቱ ግማሽ ዋጋ፣ ስለዚ መንገዱ አይጎዳችሁም። ቅርባችሁ ኦሚያ ላይ የባቡር ሙዚየም አለ፣ ለወንድም ለሴትም ልጅ አንድ ቀን ሙሉ ይበቃል፣ አባትየውም አይወጣም እንዳትገረሚ። ካዋጎኤም የድሮ ቤቶቹና የሰዓት ማማው አለ፣ ከኢኬቡኩሮ ግማሽ ሰዓት ገደማ።

ራቅ ካላችሁ ካማኩራ ሂዱ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተቀመጠው የነሐስ ቡድሃ 11 ሜትር ከምናምን ቁመት አለው፣ ልጆቹ ግን የሚወዱት በ50 የን ሆዱ ውስጥ መግባት መቻሉን ነው። ከዛ ኤኖደን የምትባለዋ ትንሽ ባቡር በሰዎች ጓሮ እየተሹለከለከች ባህሩ ዳር ታወጣችኋለች። ኒኮ ስለሚባለው ተራራማ ቦታ ሁሉም ያወራላችኋል፣ ኬጎን ፏፏቴ 97 ሜትር ነው ያምራልም፣ ግን በ4 አመት ልጅ ደርሶ መልስ ይከብዳል፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር ቅጠሉ ሲቀላ ደሞ የተራራው መንገድ መኪና ላይ ነው የምትውሉት፣ እኔ ከሆንኩ ልጁ ትንሽ እስኪያድግ አልሄድም። በሱ ፈንታ ታካኦ ተራራ፣ 599 ሜትር፣ ከሺንጁኩ በኬዮ ባቡር ከ500 የን ባነሰ፣ ሽቅቡ ከከበዳችሁ ኬብል ካር አለ፣ ሰማዩ ከጠራ ፉጂ ይታያል። ጎልደን ዊክ የሚሉት የኤፕሪል መጨረሻና የሜይ መጀመሪያ የበዓል ሳምንት ላይ ግን የትም አትሂዱ፣ ከቤት አትውጡ፣ አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው።

ወደ ፆሙ ስመጣ፣ ችግሩ ስጋው አይደለም፣ መረቁ ነው። ሶባ የሚሉት ኑድልም የአትክልት ወጡም የቦኒቶ ዓሳ መረቅ አለበት፣ አትክልት ብቻ መስሎሽ ታዣለሽ። ኮምቢኒ የሚሉት ትንንሽ ሱቅ ያለው ኦኒጊሪ (የሩዝ ድብልብል) ውስጥ ኡሜቦሺ (ጨው የገባበት ፕለም) ወይ ኮምቡ (የባህር አረም) ያለባቸው ይሻላሉ፣ ግን የሱንም ወረቀት አንብቢ፣ "ካትሱኦ" (ቦኒቶ ዓሳው) ካለ ተይው። በብርዱ ወቅት የተጠበሰ ስኳር ድንች በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ ትኩሱ ይሸጣል፣ ከሱ የተሻለ የፆም ምግብ የለም። ታካኦ ላይ ያኩኦኢን ቤተ መቅደስ የመነኮሳት የአትክልት ምግብ በቀጠሮ ያቀርባል፣ ውድ ነው፣ ቤቱም የሌላ እምነት ስለሆነ ያንቺ ምርጫ ነው። ጀበና ይዘሽ መውጣት ካማረሽ ፓርክ ውስጥ ከሰል ማንደድ አብዛኛው ቦታ ክልክል ነው፣ ቤት አፍልተሽ በፔርሙስ ያዢ። ፌስታልም አትርሺ፣ የቆሻሻ መጣያ መንገድ ላይ ስለማይገኝ የጣላችሁትን ይዛችሁ ነው የምትመለሱት።

ጥያቄ፦ ኳስ ለመጫወት 10 ሰው ማሰባሰብ አልቻልኩም። ጃፓኖች ደሞ ቤዝቦል ቤዝቦል ይሉኛል፣ ምኑ ነው የሚታየው? (ከቺባ)

መልስ፦ "ኮሳሩ" ብለህ ፈልግ፣ ብቻህን ተመዝግበህ ሜዳ ላይ ከማታውቃቸው ጋር ፉትሳል የምትጫወትበት ነው፣ ከ1000 እስከ 2000 የን ገደማ ትከፍላለህ፣ ቡድኑን እነሱ ይከፋፍላሉ፣ ደረጃህን ግን እውነቱን ሙላ፣ "ጀማሪ" ላይ ገብተህ አትጥለፍ። ቤዝቦሉን ለጨዋታው ብለህ ከሄድክ ሦስት ሰዓት ይረዝምብሃል። ቶኪዮ ያለው ጂንጉ ስታዲየም ሂድ፣ 1926 እ.ኤ.አ. የተሰራ ነው፣ የሜዳው ባለቤት ቡድን ያኩልት ነጥብ ሲያስቆጥር ደጋፊው ሁሉ ትንንሽ ጃንጥላ ዘርግቶ ይጨፍራል፣ ቢራ የሚሸጡት ልጆች በርሜሉን ጀርባቸው ላይ አዝለው ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ። አውትፊልድ የሚሉትን ከመምቻው ራቅ ያለውን መቀመጫ ያዝ፣ ርካሹም ጫጫታውም እዛ ነው። ምግብ ይዘህ መግባት ትችላለህ፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ ብቻ በር ላይ ይቀበሉህና ወደ ወረቀት ኩባያ ይገለብጡልሃል።