ሜክሲኮ እየሠሩ ቦሌ አራብሳ ማደር

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አቦ! የሳቢያን ልጅ ነኝ። አካውንቲንግ ጨርሼ እዚሁ ድሬዳዋ እየሠራሁ ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ደሞዙ የአሁኑን እጥፍ የሆነ ሥራ አገኘሁ። አንድ ደላላ ቦሌ አራብሳ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ፎቶ በቴሌግራም ልኮልኛል። የ6 ወር ቅድሚያ ካልከፈልሽ ነገ ይወሰዳል እያለ ያጣድፈኛል። ልክፈል? ፍሪጄንስ በአይሱዙ ልጫነው ወይስ ልሽጠው?
የሳቢያኗ

መልስ፦ የኔ እህት፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ለደላላው ግን ሰባራ ሳንቲም እንዳትልኪ።

መጀመሪያ፣ ስሙ ውስጥ ቦሌ ስላለ አትሸወጂ። ቦሌ አራብሳ የከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ ነው። ጠዋት ከዚያ ተነስተሽ መገናኛ ትደርሻለሽ፣ እዚያ ወርደሽ ደግሞ ሌላ ሰልፍ ይዘሽ ወደ ሜክሲኮ፤ ማታም እንደዚሁ ነው፣ ዝናብ ከጣለማ ታክሲውም ይጠፋል። አንቺ እኮ ከሳቢያን ከዚራ በባጃጅ ሄደሽ፣ ምሳሽን ቤት በልተሽ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ጋደም ማለት የለመድሽ ልጅ ነሽ! አዲስ አበባ ምሳ ወይ ቋጥረሽ ትሄጃለሽ ወይ በየቀኑ ትገዣለሽ። እጥፉን ደሞዝ የሚበሉት ኪራይ፣ ታክሲና ምሳ ናቸውና እነዚህን ሦስቱን ቀንሰሽ የሚተርፈውን አሁን እናትሽ ቤት ሆነሽ ከሚተርፍሽ ጋር አስተያዪው።

እኔ ብሆን ልደታ አካባቢ ከሌላ ሠራተኛ ሴት ጋር አንድ ክፍል እጋራለሁ። ካልሆነም ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር ሜክሲኮን ስለሚያልፍ መስመሩን ተከትለሽ ፈልጊ። ግፊያው ግን ቀላል አይደለም፣ ከወዲሁ ልንገርሽ።

ስለ ቅድሚያው፦ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አከራይ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይቀበል ይከለክላል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው የሚከፈለው። አዎ፣ መሬት ላይ ሌላ የሚጠይቅ ሞልቷል። ፎቶ ልኮ 6 ወር የሚል ሰው ግን ጭራሽ ቤቱ ላይኖረውም ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዘመድ ወይ ጓደኛ ጋ እረፊና ቤቱን በአካል እዪ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ አንቺ ፎቅ ድረስ መውጣት አለመውጣቱን አከራዩን አትጠይቂ። ደረጃው ላይ ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣውን ጎረቤት ጠይቂያት፣ እሷ እውነቱን ትነግርሻለች። ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቆጣሪው የጋራ መሆኑንና በሩ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ። ይሄን ሳይጠይቁ ገብተው በወሩ ዕቃቸውን የሚሸክሙ ብዙ ናቸው።

ከድሬ ሳትወጪ ከቀበሌ መሸኛ አውጪ፣ ፋይዳም ከሌለሽ ተመዝገቢ። ጃኬት ያዢ፤ ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት፣ የሐምሌ ብርዷ አጥንት ይገባል።

ፍሪጁን አሁን አትሽጪውም አትጫኚውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሄድ ይችላል፣ በዚያ መሃል አልተመቸሽንም ካሉሽ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። እስከዚያ እናትሽ ቤት ውሃ ያቀዝቅዝ፤ ቋሚ ስትሆኚ አይሱዙው የትም አይሄድም።