ዩኤስቢው ሲሠራ ግራፊክሱ ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄ፦ ፓወር ማክ ጂ4 የሚባል የድሮ የአፕል ኮምፒውተር አለኝ። የድሮ የሠርግ ቪዲዮዎችን የማስተካክለው በእሱ ነው። ከአሮጌ ፒሲ ሁለት የፒሲአይ ካርዶች (ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰኩ ተጨማሪ ሰሌዳዎች) ነቅዬ ሰካሁበት። የዩኤስቢ 2.0 ካርዱ ወዲያው ሠራ። ራዲዮን 9200 ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያገናኘሁት ስክሪን ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ፒሲው ላይ ደህና ይሠራ ነበር። ማስገቢያው ያው ፒሲአይ አይደለም እንዴ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ እንዳትጥለው!

ግራፊክስ ካርድ ላይ ሮም የሚባል ትንሽ ቺፕ አለ። በውስጡ ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም ተጽፏል። የፒሲ ካርድ ከሆነ ፕሮግራሙ የተጻፈው ለኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ነው። ያንተ ጂ4 ፕሮሰሰር ደግሞ ፓወርፒሲ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። ማኩ ሲነሳ ኦፕን ፈርምዌር (ማኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ካርዱ ላይ ኤፍኮድ የሚባለውን የማስነሻ ኮድ ይፈልጋል፤ ሲያጣው ትቶት ያልፋል። ቀጥሎ የሚመጣው የማክ ኦኤስ ድራይቨርም (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ኤፍኮዱ ትቶለት የሚሄደውን መረጃ ስለሚጠብቅ ካርዱን አያውቀውም።

ዩኤስቢው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። አሠራሩ ለሁሉም ክፍት በሆነ ስታንዳርድ ስለተወሰነ፣ ማክ ኦኤስ ካርዱን ራሱ ከዜሮ ያዘጋጀዋል። በዚያ ላይ በሰከንድ ከ12 ሜጋቢት ወደ 480 ከፍ ብለሃል፤ ለቪዲዮ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ኤፍኮድ ከአንድ ፕሮሰሰር ጋር የታሰረ አይደለም። ሰን የተባለው ኩባንያ ኮምፒውተሮችም ይጠቀሙበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ስታንዳርድ ሆኖ ወጥቷል። ፒሲአይ ደግሞ በአንድ ሮም ውስጥ የፒሲውንም የማኩንም ኮድ ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ሁሉም አምራቾች እንዲያ ቢያደርጉ ኖሮ ያ ካርድ ዛሬ በሁለቱም ቤት ይሠራ ነበር። ስንት ደህና ካርድ በዚህ ምክንያት ቆሻሻ ውስጥ ገባ!

መፍትሔው ሮሙን በማክ ኮድ እንደገና መጻፍ ነው። መጀመሪያ ካርዱን አገላብጠህ ባለ ስምንት እግሯን የሮም ቺፕ ፈልግ። ቁጥሯ በ512 ካለቀ 64 ኪሎባይት ናት፤ በ1024 ካለቀ 128። የማኩ ሙሉ ኮድ 128 ይፈልጋል። ትንሿ ከሆነች ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው ቺፑን ይቀይርልህ፤ ብየዳው ረቂቅ ስለሆነ ራስህ አትሞክረው። ወይ ለማክ ተብሎ የወጣውን ራዲዮን 9200 ፈልገህ ግዛ። ምንም ከመጻፍህ በፊት ግን የነበረውን ኮድ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ። ከማኩ ጋር የመጣውንም ግራፊክስ ካርድ ለጊዜው አትንቀለው፤ ሥራው ቢበላሽ ስክሪን የምታገኘው በእሱ ነው።